ጣርማ በርን ማን ከፈተው?

ሚኒባሳችን ጣርማ በር ዋሻ አፍ ላይ ቆመ። ከፊት አንድ ሲኖትራክ ተበላሽቶ የመንገዱን ግማሽ ዘግቷል። ከደሴ የሚመጡት ወዲያ ማዶ፣ ከደብረ ብርሃን የወጣነው ወዲህ ማዶ ሆነን ተራ እንጠብቃለን። ጉሙ ወርዶ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አይታይም። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጋቢውን ተከናነበ። እዚህ ቦታ መኪና ሲቆም የሚሆነው የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ስልኩን ይነካካል። ኔትወርክ ሲጠፋ ወሬ ይጀመራል።

የጀመረው ከኋላዬ የተቀመጠ ወጣት ነው። ዋሻውን በአገጩ እያሳየ "ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄን ሠራ። ሃምሳ ዓመት ቢቆይ የት በደረስን!" አለ። ይህችን አባባል በዚህ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቃታል። አንዱ ስለ ድልድይ፣ አንዱ ስለ አስፋልት ሲያነሳ ትመጣለች። አጃቢዎቿም የታወቁ ናቸው። አንዱ "እውነት ነው" አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠ። ረዳቱ ደግሞ "አሁን ቢሆን እኮ ጨረታው ብቻ አምስት ዓመት ይፈጃል" ብሎ አሳቀን። እኔም ሳቅሁ።

ከሹፌሩ ጀርባ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው የተኙ መስለውኝ ነበር። ዞር እንኳ ሳይሉ "እናቴ ታዲያ በክንፍ ኖሯል ቆላ የምትወርደው?" አሉ።

ሳቁ ረገበ። ወጣቱ አፍሮ "አይ እማማ፣ የመኪናውን መንገድ ማለቴ ነው" አለ። እሳቸውም "እሱንም ቢሆን..." ብለው ጀመሩና ተዉት። ወዲያው ከፊት ያለው መኪና ተንቀሳቀሰ፣ ሹፌራችን ሞተሩን አስነሳ፣ ረዳቱ በሩን ጠረቀመው። ዋሻው ውስጥ ገባን። በዚያኛው አፍ ስንወጣ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ከታች ደብረ ሲና ፀሐይ ላይ ተዘርግታለች። ተሳፋሪው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ማውራት ጀመረ። እኔ ግን እማማ የቆረጡት ነገር አልለቀቀኝም። እሱንም ቢሆን ምን?

ደጋው የሚያልቅበት ቦታ

ጣርማ በርን በመኪና ብቻ የሚያውቅ ሰው የሚያስታውሰው ዋሻውን ነው። ቦታው ግን ከዋሻው ይሰፋል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጉዶ በረት በኩል ሲመጣ መሬቱ ሜዳ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ፣ የድንጋይ ካብ፣ ደግሞ ገብስ። ደብረ ብርሃን ራሷ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከዚያም መንገዱ ብዙ ሳያስታውቅ ከፍ እያለ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ተራራ የወጣህ አይመስልህም። ከዚያ በድንገት መሬቱ በቢላ እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ያልቃል። ፊት ለፊትህ አየር ነው። በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ሳይሞላ ሸዋ ሮቢት ትደርሳለህ፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ። ከላይ የለበስከውን ሹራብ እዚያ ስታወልቅ ማሾና ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ ገብተሃል።

ይህ ቁራጭ ሸዋን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ከንፈር ነው። ደጋው በሚሊዮን ዓመታት እሳተ ገሞራ እየተነባበረ ተሠራ። በኋላ የአፋር መሬት ወደ ታች ሲሰጥም ጠርዙ ቆሞ ቀረ። በነገራችን ላይ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከዚህ ባዛልት አንዱን ድርብ "ጣርማ በር" ብለው ነው የሚጠሩት። ሌላ ክፍለ ሀገር ያለ ተመሳሳይ ድንጋይ ላይ ጥናት ሲጻፍም ይህ ስም ይነሳል። እኛ ስሙን ከሙሶሊኒ ዋሻ ጋር ስናያይዘው፣ እነሱ ከዋሻው ይልቅ ድንጋዩን አክብረውታል።

ውሃውም እዚህ ይለያያል። ከአናቱ ወደ ምዕራብ የፈሰሰ ዝናብ ወደ ጀማ ይወርዳል፣ ከጀማ ዓባይ ይገባል፣ ከዓባይ ግብፅ ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው በሮቢ ወንዝ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አያይም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። የአንድ ጣሪያ ሁለት ክዳን ላይ የወረደ ዝናብ እንዲህ ይለያያል። አናቱ ላይ ያሉ ሴቶች ግን በበጋ ጀሪካን አህያ ላይ ጭነው ምንጭ ፍለጋ ቁልቁል ይወርዳሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ተረት እዚህ ዘመድ አለው።

ቅዝቃዜውን ለማያውቅ ሰው መንገር ይከብዳል። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ እዚህ አገር የተተከለው፣ መንዝም ከበግ ፀጉር በሚሠሩት በባናና በዝተት ስሟ የሚነሳው በከንቱ አይደለም። በበጎቹ ፀጉር ላይ የሰውም ሕይወት ተንጠልጥሏል። ጭላዳዎቹ እንኳ ቀኑን ሣር ሲነጩ ይውሉና ማታ ገደሉ ላይ ተጣብቀው ያድራሉ። ቱሪስት የምኒልክ መስኮት ላይ ቆሞ ፎቶ ሲያነሳቸው ገደሉን ለውበቱ የመረጡት ይመስለዋል። የመረጡት አውሬ ስለማይደርስባቸው ነው።

"የበቅሎውን ነው የንጉሡን?"

ከዚያ ጉዞ በኋላ መንገዱን ብቻ ለማየት ወደ ጣርማ በር ተመለስሁ። ወደ መዘዞና ወደ መንዝ የሚያስገባው መገንጠያ አካባቢ ወረድሁ። እዚያ አንድ ባና የለበሱ አዛውንት በጎቻቸውን ከአስፋልቱ ዳር ይመልሱ ነበር። ሰላምታ ሰጠኋቸው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ቤተ ዘመድ ተጠያየቅን። በሸዋ ጥያቄ በቀጥታ አይገባም፣ ዙሪያውን ዞሮ ነው። በመጨረሻ "አባቴ፣ ዋሻው ሳይሠራ በፊት የነበረውን አሮጌውን መንገድ ያውቁታል?" አልኋቸው።

"የቱን አሮጌ?" አሉኝ። "የበቅሎውን ነው የንጉሡን?"

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። እኔ አንድ አሮጌ መንገድ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ዋሻው አለ፣ ከዋሻው በፊት ደግሞ የሆነ ቀጭን የእግር መንገድ አለ፣ በቃ። ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም፣ የሳቅነውም ያፈረውም ልጅ፣ እንዲህ ነበር ያሰብነው። ለአዛውንቱ ግን ነገሩ ድርብርብ ነው። የበቅሎ መንገድ አለ። በላዩ የንጉሡ የመኪና መንገድ አለ። ዋሻው ሦስተኛ ነው። ይህንንም ለእኔ ታሪክ ሊያስተምሩ ብለው አላሉትም። ሱቅ ውስጥ የትኛውን ሳሙና እንደምትፈልግ ባለሱቁ እንደሚጠይቅህ ያህል ነው የጠየቁኝ።

በጎቹን ለልጅ ልጃቸው አደራ ሰጥተው ሽቅብ ይዘውኝ ወጡ። ጓሳው ጫማዬን አረጠበው። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እዚህም እዚያም ቆመዋል። አዛውንቱ በዱላቸው እያመለከቱ ይሄዳሉ። ድንጋይ የተደረደረበት፣ ወርዱ መኪና የሚያሳልፍ ቦታ ላይ ሲደርሱ "ይሄን ነው አባቴ ያሳየኝ" አሉ። "መኪና እያጓራ ሲወጣ ልጆች ሆነው ይሮጡ ነበር።" ሣር ውጦታል። ካልተነገረህ ታልፈዋለህ። ትንሽ ዞር ብሎ ደግሞ ቀጭኗ መንገድ ቁልቁል ትጠማዘዛለች። ይቺኛዋ አላረጀችም። በዚያች ሰዓት አንዲት ሴት ሁለት አህያ እየነዳች ትወጣባት ነበር።

እዚያ አናት ላይ ቆመን ዋሻው ከእግራችን ሥር እንዳለ ነገሩኝ። ድምፅ አይሰማም። መኪናው ውስጥ ሲሆን ጭጭ ይላል፤ በአፉ ብቅ ሲል ነው ጩኸቱ በነፋስ የሚመጣው። ሦስቱም መንገዶች በአንድ ዓይን ይታያሉ። አንዱ ከሥር፣ ሁለቱ ከጎንና ከጎን። ሦስቱም ያነጣጠሩት ያችኑ ዝቅ ያለች ወገብ ነው። ሰንሰለቱ ግራና ቀኝ ከፍ ይላል፣ እዚህ ጋ ትንሽ ያጎነብሳል። በሩን የከፈተው መጀመሪያ መሬቱ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ፣ በቅሎ ነጂውም ንጉሡም ጣልያኑም፣ ያገኘውን ቀዳዳ ነው ያሰፋው።

ስለ በቅሎው መንገድ ብዙ አወሩኝ። ከደጋ ገብስ፣ ቅቤ፣ የበግ ፀጉር ይወርዳል። ከቆላ ጥጥ፣ ማሽላ፣ በርበሬ፣ ጨው ይወጣል። ጨዋታቸው ውስጥ ጆሮዬን የያዘው ግን "ቆላ አናድርም" ያሉት ነው። ወባ ይፈራል። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ካደረ ታሞ ይመለሳል፤ የቆላ ሰው ደግሞ አናቱ ላይ ካደረ በብርድ ይጠበሳል። እና የት ይገናኙ? መሀል ላይ። ደብረ ሲና ለምን እዚያ ወገብ ላይ እንደተቀመጠች ያኔ ገባኝ። አንኮበር ሥር ያለችው የገበያ ከተማ አልዩ አምባም እንዲሁ ናት። ከላይ የመጣው ከመጨለሙ በፊት ወደ ላይ፣ ከታች የመጣው ወደ ታች የሚመለስበት ቦታ። ገበያው የሰው ሳንባና ጉበት የተስማሙበት ነጥብ ላይ ነው የቆመው። የትኛው መሐንዲስ ይህን አስልቶ ነው ያስቀመጠው?

"ክረምት ሲሆንስ?" አልኋቸው።

"ክረምትማ በሩን ጭቃው ይዘጋዋል። ንጉሥም ቢሆን ይጠብቃታል።"

ሚያዝያ 1928

አሁን ወደ እማማ የተቆረጠ ነገር ልመለስ። "እሱንም ቢሆን" ያሉት የመኪናውን መንገድ ነው። የሚሉትን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ እኔ ግን የማውቀውን ልጨርስላቸው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄዱት በኅዳር 1928 ዓ.ም. ነው። የሄዱት በመኪና ነው። ጦሩ በእግሩ ነው የተመመው፣ የጭነት መኪናውም ጥቂት ነው፣ መንገዱም አስፋልት አይደለም። ግን የመኪና መንገድ ነው። በዚህ ገደል በኩል ነው የሚወርደው። አዛውንቱ "የንጉሡ" ያሉት እሱን ነው።

ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ በዚያው መንገድ ባላጋራ ወጣበት። ከማይጨው በኋላ ደሴ ተያዘች። የጣልያን ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ነው የመጣው። ሌላው ረድፍ በወረኢሉ በኩል በደጋው በእግሩ ይሄዳል። ጣልያኖች ጉዞውን "የብረት ፈቃድ ጉዞ" ብለው ስም አወጡለት፤ ስም በማውጣት አይታሙም። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚያዝያ 27 ገቡ። ከዚህ የዘጠኝ ቀን ጉዞ ውስጥ ሁለቱን ቀን የበላው ጣርማ በር ነው። የእኛ ሰዎች መንገዱን ሰብረውት ጠበቁ። ያ ሁሉ መኪና ገደሉ ላይ ተደርድሮ፣ ዝናቡ እየዘነበ፣ መሐንዲሶቻቸው መንገዱን እስኪጠግኑ ቆመ።

ይህችን ታሪክ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ትርጉሟ የዞረልኝ ግን አናቱ ላይ ቆሜ ነው። የሰበሩት መንገድ ነበረ ማለት የተሠራ መንገድ ነበረ ማለት ነው። መኪና የሚያወጣ መንገድ ባይኖርማ ባዶሊዮ 1,700 መኪና በምን ያወጣው ነበር? ጣልያን ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ያገኘው ባዶ ገደል አይደለም። ተሠርቶ፣ ተነድቶበት፣ ከዚያ በሠሪዎቹ እጅ የፈረሰ መንገድ ነው ያገኘው። መጀመሪያ ያደረገውም ሥራ የእኛን መንገድ መጠገን ነው። እሱንም ቢሆን፣ እማማ።

ዋሻው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ርዝመቱ ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ሥራው የሥራ ያህል ነው፤ አላጣጥለውም። በክረምት ከአናቱ ጭቃና ጉም ያድናል፣ እኔም እየተሳፈርሁ አልፍበታለሁ። ግን ለማን ተብሎ ተፈለፈለ? ምጽዋ የወረደ ወታደርና ጥይት በአሥመራና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ እንዲገባ ነው። ያኔ ደግሞ ይህ አገር እሳት ነበር። አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ ጫጫ አጠገብ የጣልያንን ጦር የመቱት ሚያዝያ 26፣ አዲስ አበባ በተያዘች ዋዜማ ነው። ራስ አበበ አረጋይ በመንዝ፣ በተጉለት፣ በቡልጋ አምስቱንም ዓመት ሳይያዙ ቆዩ። አርበኛ የሚያድርበት ደጋ መሀል የሚያልፍ መንገድ ክረምት ከበጋ ክፍት መሆን አለበት፤ አለዚያ ጦር ሰፈሩ ይራባል። በእኔ ግምት ለዚህ ነው ያን ያህል ድንጋይ የተፈለፈለው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለሚሸጡት እናቶች ታስቦ አይደለም። ስሙን እንኳ ሙሶሊኒ ብለው ነበር የሰየሙት።

ድንጋዩን የፈለፈለው እጅ የማን እንደሆነም ይረሳል። በእነዚያ ዓመታት የጣልያን መንገዶች ላይ ከአገራቸው ሥራ ፍለጋ የመጡ ድሃ ጣልያኖች ነበሩ፤ የአገራችን የቀን ሠራተኞችም ነበሩ። "ጣልያን ሠራው" ስንል ሁለቱንም አናይም። የሚታየን አንድ ባርኔጣ የደፋ ሰውዬ ብቻ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን ተረቱ የተገለበጠ ይመስለኛል። የተወጋው ረስቶ ወጊውን ስለ ጦሩ አሠራር ያመሰግናል። ወጣቱን አልወቅሰውም። የሱ ቁጭት ስለ ጣልያን አይደለም፣ ስለ ዛሬ ነው። መንገድ ሲዘገይ፣ ድልድይ ሳያልቅ ሲመረቅ አይቷል። የሚያወዳድረው ነገር አጥቶ በአጠገቡ ያለውን ዋሻ አነሳ። ነገሩ የሚያናድደኝ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለዛሬው ስንፍና መውቀሻ ስንፈልግ የትናንቱን ሥራ አብረን እናጠፋለን። የንጉሡ መንገድ በሣር የተሸፈነው አናቱ ላይ ብቻ አይደለም።

የማይቆም ተራራ

ደግሞስ መክፈት ማለት ምንድን ነው? ዋሻው ተመርቆ ሪባን ተቆርጦ አለቀ ብለን እናስባለን። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና እስከ አርማንያ ያለውን ቁልቁለት ያየ ግን እንዲህ አይልም። ይህ ተራራ ይሄዳል። እሳተ ገሞራው የወለደው ድንጋይ በዘመናት ብዛት በስብሷል፣ መሬቱ በስምጥ ሸለቆው ስንጥቆች ተከፋፍሏል፣ ቁልቁለቱ ስል ነው። ክረምት ሲበረታ ውሃው ውስጥ ውስጡን ይገባና አፈሩ ይለቃል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከደብረ ሲና ወረድ ብሎ ይዛባ አካባቢ መሬቱ ከነቤቱ፣ ከነማሳው ተንሸራተተ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። ያ ክረምቱ አልቆ አደይ የፈነዳበት፣ ሰው "አለፈልን" የሚልበት ሳምንት ነበር።

አስፋልቱም ከዚህ አያመልጥም። በክረምት የምትሄድ ከሆነ ታየዋለህ። አንድ ቦታ መንገዱ ወገቡ ሰጥሟል፣ ሌላ ቦታ ከላይ የመጣ ድንጋይ ተኝቶበታል። ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች በአካፋና በግሬደር ይጠርጋሉ። ሹፌሮች ጥሩምባ ያጮሁባቸዋል። እኔ አሁን እነዚህን ሰዎች ሳይ የዓይኔ አያያዝ ተቀይሯል። ጣርማ በርን ማን ከፈተው ከተባለ ትናንት ጠዋት የከፈቱት እነሱ ናቸው። ባለፈው ክረምትም እነሱ፣ ከዚያ በፊትም በጅራፍና በዶማ ሌሎች። ስማቸው የትም አልተጻፈም፣ ዋሻም በስማቸው አልተሰየመም።

መዝጋቱም የዚያን ያህል ሥራ ነው። በ1928 የዘጉት ሰዎች ሁለት ቀን ገዙ። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ የሁላችንም ዓይን ይህቺው ገደል ላይ ነበር፤ ደብረ ብርሃን ከላይ ሆና ወደ ታች ታዳምጣለች፣ ከሮቢት የተፈናቀለው ሕዝብ በዚያው ዋሻ ሽቅብ ይወጣል። ስለዚያ ወር ዛሬ ብዙ አልጽፍም። የዚያን ሰሞን ግን "ጣልያን ባይሠራው ኖሮ" የሚል አልሰማሁም። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ በሩ ተይዟል ወይስ አልተያዘም?

አልዩ አምባን ያየ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ብወጣም። ጣርማ በር ሁልጊዜ ዋናው በር አልነበረም። ለረጅም ዘመን የሸዋ ፊት ወደ አንኮበር ነበር። ከታጁራ የተነሳው ሲራራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አልዩ አምባ ይደርሳል፣ ከዚያ ሽቅብ አንኮበር ይወጣል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የእንግሊዙ ልዑክ ካፒቴን ሃሪስ የመጣው በዚያ ነው፤ ውሉንም በ1834 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋር ተፈራረመ። ጨው፣ ጨርቅ፣ ጠመንጃ ወደ ላይ፤ ቡና፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ጭምር በባርነት ወደ ታች። ይህን የመጨረሻውን እየዘለሉ ስለ አልዩ አምባ የደመቀ ገበያ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። በዚያ ቁልቁለት እየተነዱ የወረዱት ልጆች ግን መንገዱን ከማናችንም በላይ ያውቁት ነበር።

ከዚያ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ሲራራው ቀረ። አልዩ አምባ ዛሬም አለች፤ መንገደኛ ሲያልፍ ግን "ያቺ ትልቅ ገበያ ይቺ ናት?" ብሎ ይገረማል። አንኮበርን ማንም አልዘጋውም። ሰው መሄድ ተወ፣ በቃ።

ጣርማ በርም ከዚህ ዕጣ አያመልጥም ባይ ነኝ። የጅቡቲው ከባድ ጭነት ድሮውኑ በአዋሽና በሚሌ በኩል በቆላው ነው የሚሄደው፤ ይህን ገደል አያውቀውም። አንድ ቀን ሌላ ሰፊ መንገድ ቢመጣ ደብረ ሲና ላይ አውቶቡስ ሲቆም በመስኮት በኩል ቆሎ የሚያቀብሉት እናቶች ምን ይሆናሉ? ከተማዋ የኖረችው መንገደኛ ስለሚቆምባት ነው። ፈጣን መንገድ ሁሉ ደግሞ የሚለካው ስንት ቦታ ሳይቆም በማለፉ ነው። መንገዱ አይሠራ አልልም። ሲሠራ ግን ቆሎውም ስሌት ውስጥ ይግባ።

አዛውንቱን በሌላ ጊዜ ያው መገንጠያ ላይ አገኘኋቸው። አንድ ሐሳብ ነበረኝ፣ ነገርኋቸው። ዋሻው አፍ ላይ ሰሌዳ ይተከል፤ የበቅሎው መንገድ፣ የንጉሡ መንገድ፣ በሚያዝያ 1928 የሰበሩት ሰዎች፣ ዋሻውን የፈለፈሉት፣ አሁን የሚጠርጉት፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይጻፍበት። ወጣቱም ሲቆም ያነብበዋል። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ከዚያ "መልካም ነው" አሉ። "ጉሙን ግን ምን ልታደርገው ነው? ሐምሌ ላይ ሰሌዳው ራሱ አይታይም።" ትንሽ አሰቡና "ይልቅ የምታውቀው ሰው ካለ ለዋሻው መብራት ይግባለት በል። ባለፈው ወር ሁለት በግ ገጩብኝ።"

የበጎቹን ዋጋ ማን እንደሚከፍል ደግሞ ከሹፌሩ ጋር ገና አልተስማሙም። ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ነው።